ለሐዋሳ አዲስ ነዋሪዎች ደግነት ብቻ አይበቃም

ሐዋሳ ውስጥ ቤት ተከራይቶ የሚኖር፣ ሠርቶ የሚያድር፣ በየወሩ ከደመወዙ ግብር የሚቆረጥበት፣ በቀበሌው መዝገብ ግን ስሙ የሌለ ሰው ብዙ ነው። ይህ ሰው የውጭ ዜጋ አይደለም። ከቦዲቲ፣ ከዲላ፣ ከሆሳዕና ወይም ከአለታ ወንዶ እንጀራ ፍለጋ የመጣ ኢትዮጵያዊ ነው። ከተማዋ ጉልበቱን በደስታ ትቀበላለች፤ ነዋሪዬ ነህ ለማለት ግን ታመነታለች። ሐዋሳ ለመጣባት ሰው የምትሰጠውን ከለላ በሕግ መጻፍ አለባት እላለሁ። የባለሥልጣን ቅንነትና የጎረቤት ደግነት ክፉ ቀን ሲመጣ ብቻቸውን እንደማይበቁ አይተናልና።

ያየነው በሰኔ 2010 ዓ.ም. ነው። በፊቼ ጨምባላላ በዓል ሰሞን በከተማዋ በተነሳው ግጭት ሰው ሞተ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎች፣ አብዛኞቹም የወላይታ ተወላጆች፣ ቤታቸውን ጥለው ወጡ። በዓመቱ ሐምሌ 11 ቀን 2011 ከሲዳማ የክልልነት ጥያቄ ጋር ተያይዞ ሐዋሳና አካባቢዋ ዳግም ደም አዩ። ምርጫ ቦርድ የሲዳማን ሕዝበ ውሳኔ ሲያሰናዳ በሐዋሳ የሚኖሩ የሌሎች ብሔረሰቦች ተወላጆች መብት የሚጠበቅበት የሕግ ማዕቀፍ እንዲዘጋጅ የደቡብ ክልልን የጠየቀውም ያለ ምክንያት አልነበረም። ኅዳር 10 ቀን 2012 ድምፅ ከሰጠው ሕዝብ ከ98 በመቶ በላይ የሚሆነው ክልልነትን መረጠ፤ ሰኔ 11 ቀን 2012 ሥልጣኑ በይፋ ተላለፈ። ክልሉ ተመሥርቷል፤ በቦርዱ ጥያቄ ውስጥ የነበረው ቁም ነገር ግን ጊዜው አላለፈበትም። ከተማ ሰው መሳቡን እስካላቆመ ድረስም አያልፍበትም።

ሐዋሳን ደግሞ ሰው እንድትስብ ያደረግናት እኛው ነን። የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሐምሌ 6 ቀን 2008 ሲመረቅ ለ60,000 ሰው የሥራ ዕድል ይፈጥራል ተብሎ ነበር። ከየገጠር ወረዳው ወጣቶች፣ በተለይም ሴቶች፣ ተመልምለው መጡ። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት መነሻ ደመወዝ ከ1,000 ብር በታች ስለነበር አንድ ክፍል ለሦስት ለአራት ሆነው ተከራዩ። ሼዱ በወራት ውስጥ ቆመ፤ ለሠራተኛዋ የሚሆን ማደሪያና ምዝገባ ግን እኩል አልታሰበበትም።

ከእነዚህ ልጆች አንዷ ቀበሌ ስትሄድ የሚገጥማት የታወቀ ነው። መጀመሪያ የምትጠየቀው ከትውልድ ቀበሌዋ መሸኛ ነው። መሸኛውን ለማምጣት የትራንስፖርት ብር ያስፈልጋል፤ ከሥራ መቅረትም ግድ ነው። የቀረች ልጅ የቀኑ ደመወዝ ብቻ ሳይሆን ሳትቀር ለምትሠራ የሚታሰበው የወሩ ጉርሻም ሊቀርባት ይችላል። አገሯ ደርሳ የቀበሌው ሊቀ መንበር ስብሰባ ላይ ነው ከተባለች ባዶ እጇን ትመለሳለች። መሸኛው ቢገኝ እንኳ አከራይዋ ቤታቸው እንደምትኖር እንዲያረጋግጡላት መለመን አለባት፤ አከራይ ደግሞ የኪራይ ግብሩን እየፈራ ዞር ይላል። ስለዚህ ብዙዋ ትተወዋለች፤ በፋብሪካው ባጅ ትኖራለች። የልብስ ኩባንያው ፒቪኤች በ2014 ከሐዋሳ ሲወጣና አሜሪካ የአጎዋን ዕድል ስትነፍገን የታየው የሥራ ማጣት ብቻ አልነበረም። ሥራዋን ያጣች ልጅ ባጇን ስትመልስ በከተማዋ ያላት ብቸኛ ወረቀት አብሮ ይሄዳል። ሌሊት መንገድ ላይ ብትደፈር ወይም ብትዘረፍ፣ ጣቢያ ገብታ ለማመልከት ከመድፈሯ በፊት «መታወቂያሽስ?» የሚለውን ታስባለች። ዝም ያለች ተበዳይ ያተረፈችው ለወንጀለኛው ነው።

ይህን ነገር የአሜሪካ ከተሞች አስበውበታል። እ.ኤ.አ. በ1979 የሎስ አንጀለስ ፖሊስ ልዩ ትእዛዝ ቁጥር 40 የተባለውን መመሪያ አወጣ፤ የአንድን ሰው የመኖሪያ ፈቃድ ለማጣራት ብቻ ተብሎ ምርመራ እንዳይጀመር ከለከለ። ስደተኛው ፖሊስን ከሸሸ ምስክር አይገኝም፣ ምስክር ከሌለ ወንጀል አይጣራም ከሚል ስሌት የመነጨ ነበር። ሳን ፍራንሲስኮ እ.ኤ.አ. በ1989 ራሷን የመማጸኛ ከተማ የሚያደርግ ሕግ አጸደቀች። ኒው ሄቨን እ.ኤ.አ. በ2007፣ ኒው ዮርክ እ.ኤ.አ. በ2015 ከየት መጣህ ሳይሉ ለነዋሪ ሁሉ የከተማ መታወቂያ መስጠት ጀመሩ። እነዚህ ከተሞች የፌዴራሉ መንግሥት ሰው እንዳያባርር ማገድ አይችሉም፤ የራሳቸውን ፖሊስና ጸሐፊ ግን ለዚያ ሥራ አያውሱም። በዚህ ከለላ ሥር የእኛም ልጆች ኖረዋል። በሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ትንሿ ኢትዮጵያ የሚል ስም እ.ኤ.አ. በ2002 የተሰጠው ሠፈር ባለበት ከተማ የሚኖር ወንድማችን ፖሊስ ወረቀት አይጠይቀው ብለን የምንመኝ ሰዎች፣ ለቦዲቲዋ ልጅ ሐዋሳ ላይ ያንኑ መመኘት አያቅተንም።

በእርግጥ የሁለቱ አገር ጉዳይ አንድ አይደለም፤ ልዩነቱ ግን ለእኛ የሚያደላ ነው። እዚያ ከተማው ከለላ የሚሰጠው የፌዴራሉ ሕግ በአገሬ አትቆይም ለሚለው ሰው ነው። እዚህ የፌዴራሉ ሕግ ከመጪው ጎን ቆሟል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 32 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በመረጠው የአገሪቱ አካባቢ የመዘዋወርና የመኖሪያ ቦታ የመመሥረት ነፃነት አለው ይላል። በ2015 ዓ.ም. የወጣው የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284 ሕጋዊ መሠረት የሰጠው የፋይዳ መታወቂያ ብሔርም ሃይማኖትም አይጠይቅም። መንገዱን የሚዘጋው የቀበሌው መስኮት ነው። ሐዋሳ ማንንም መገዳደር አይጠበቅባትም፤ ያለውን ሕግ እስከ መስኮቱ ድረስ ማውረድ ብቻ ነው።

የሚነሳው ስጋት ቀላል አይደለም፣ በንቀትም ሊታለፍ አይገባም። ከተማዋ በ1950ዎቹ ስትቆረቆር መሬቱ ሲዳማ ከብቱን ያሰማራበት ነበር፤ ጡረታ የወጡ ወታደሮች ሲሰፍሩበት ባለ መሬቱ ገለል ተደረገ። ያን ያስታወሰ ሰው «መጪውን መዝግቡ» ሲባል ነገ መሬቴ ይሄዳል ብሎ ቢሰጋ አልፈርድበትም። ነገር ግን ነዋሪን መመዝገብ መሬት መስጠት አይደለም። መሬት የሚሄደው በሊዝና በካሳ አሠራር ጉድለት ነው፤ ገበሬውን የሚጠብቀውም የካሳ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 በአግባቡ ሲፈጸም እንጂ የኪራይ ቤት ልጅን መታወቂያ በመንሳት አይደለም። ከዚያም በላይ ከአለታ ወንዶና ከሁላ የመጣችው የሲዳማ ልጅ መሸኛ ፍለጋ የምትሰለፈው እዚያው ሰልፍ ላይ ነው። መስኮቱ ሲዘጋ በእሷም ላይ ይዘጋል።

ስለዚህ የሐዋሳ ከተማ ምክር ቤት በደንብ መልክ እንዲያጸድቅ የምጠይቃቸው አራት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ መሸኛ ከቀበሌ ወደ ቀበሌ በመሥሪያ ቤቶች በኩል ይላክ፤ ባለጉዳይዋ አትመላለስ። እስኪደርስም ፋይዳና የኪራይ ውል ወይም የአሠሪ ደብዳቤ ላቀረበ ሰው ጊዜያዊ መታወቂያ ይሰጠው። ሁለተኛ፣ ብሔር ከከተማው መታወቂያና ከማመልከቻ ቅጾች ሁሉ ይውጣ። ሦስተኛ፣ ፖሊስ ጣቢያ፣ ጤና ጣቢያና ትምህርት ቤት ተበዳይን፣ ታማሚንና ሕፃንን አስቀድመው ይቀበሉ፤ የነዋሪነት ወረቀት ጉዳይ በኋላ ይታይ። አራተኛ፣ የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የሚያዘው የውል ምዝገባ በሐዋሳ በተግባር ይዋል፤ የተመዘገበ ውል ለተከራይ ከመባረር መከላከያ ነው፣ የመኖሪያ ማስረጃም ይሆናል።

ለዚህ የሚሆን ሥርዓት ሲዳማ ከራሱ ቤት አያጣም። በአፊኒ ሸንጎ ነገር ሳይሰማ ፍርድ አይሰጥም፤ ሽማግሌው ከመናገሩ በፊት የሁሉም ወገን ቃል ይደመጣል። ይህን ወግ ያኖረ ሕዝብ ያላት ከተማ፣ ተከራዩና የቀን ሠራተኛው ቀርቦ ሳይናገር ስለ እሱ መወሰን አይገባትም። ምክር ቤቱ ደንቡን ሲያረቅ ከፓርኩ ሠራተኞች ተወካዮች ይጥራ፣ ቃላቸውን በቃለ ጉባኤ ያስፍር፣ ረቂቁንም በሲዳምኛና በአማርኛ በየቀበሌው ይለጥፍ። ይህ ሁሉ አዲስ ሚኒስቴርም ብድርም አይጠይቅም፤ የምክር ቤቱን ድምፅና የቀበሌ ሠራተኞችን ሥልጠና ብቻ ይጠይቃል። ሊጀመር የሚገባውም ከተማዋ ሰላም ባለችበት በዛሬው ቀን ነው።