ሲሞት ልጃችን፣ ሲዘፍን ዱርዬ

መጋቢት 22 በመጣ ቁጥር የፌስቡኩና የቴሌግራሙ መንደር በአንድ ሰው ፎቶ ይሞላል፤ በኒፕሲ ሐስል። ከሥሩ «የሐበሻ ጀግና»፣ «ባለራዕዩ ወንድማችን» የሚል ጽሑፍና የሻማ ምስል አይጠፋም። እስቲ ለለጣፊዎቹ አንድ ጥያቄ ላቅርብ፦ «ቪክትሪ ላፕ»ን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሰማችሁ ስንት ናችሁ?

ሰውየው በሕይወት ሳለ ያወጣው ስቱዲዮ አልበም እሱ ብቻ ነው። ከአሥር ዓመት በላይ ሚክስቴፕ ሲለቅ ኖሮ በፈረንጆቹ የካቲት 2018 አወጣው። በቢልቦርድ ሰንጠረዥ 4ኛ ሆኖ ገባ። 2ኛ የወጣው በዓመቱ፣ ሎስ አንጀለስ ውስጥ በገዛ ሱቁ ደጃፍ ተተኩሶበት ከሞተ በኋላ ነው። ሞት ገበያ ያሞቃል፤ ይሁን። የኛ ሰው ግን አልበሙን እንኳ ሳይሰማ ነው ልቅሶ የደረሰው።

መጀመሪያ ዝምድናውን እናስተካክል። ኤርሚያስ አስገዶም የኤርትራዊ አባትና የጥቁር አሜሪካዊት እናት ልጅ ነው። በ2004 ከአባቱና ከወንድሙ ጋር ኤርትራ ሄዶ ሦስት ወር ያህል ተቀምጧል፤ በ2018ም ተመልሷል። «ኢትዮጵያዊው ራፐር» እያላችሁ የምትጽፉ፣ እባካችሁ ተዉ። እሱ ያልደበቀውን አገር የምንቀይርለት እኛ ምን ቤት ነን?

ይህ ትንሹ ጥፋት ነው። ትልቁ ሰውየውን አጥበን ማቅረባችን ነው። በኛ ፖስት ውስጥ ያለው ነጋዴው ብቻ ነው፤ በ2013 «ክሬንሾ»ን በኢንተርኔት በነፃ ለቆ፣ ሲዲውን ግን 1,000 ኮፒ ብቻ አሳትሞ አንዱን በ100 ዶላር የሸጠው፣ ጄይ ዚ 100 ኮፒ ያነሳለት ሰው። እውነት ነው፣ ብልህ ነበር። ግን የሮሊን ሲክስቲስ ክሪፕስ አባልም ነበር፣ ሲጠየቅም አልካደም። አልበሙም ጋንግስታ ራፕ ነው። እዚያ ውስጥ ነጋዴውና የሰፈሩ ልጅ ሁለት ሰው አይደሉም፤ ስለ ባለቤትነት የሚያወራው ስለ ሽጉጥና ስለታሰሩ ጓደኞቹ በሚያወራበት አፍ ነው።

«ታዲያ ጋንግስታ ራፕ ልትሰብክልን ነው?» የሚለኝ አይጠፋም። አይደለም። በአልበሙ ሴት የምትታይበት ዓይን አይጥመኝም። ለቡድን ታማኝነት የሚሰጠው ክብር ደግሞ ያስፈራኛል። ምክንያቱም የገደለው ከሌላ ሰፈር የመጣ ጠላት ሳይሆን የዚያው ቡድን ሰው ነው። በችሎት እንደተሰማው፣ ከግድያው ጥቂት ቀደም ብሎ ሁለቱ ቆመው አውርተዋል፤ የወሬው ጉዳይም ሰውየው ለፖሊስ ይናገራል የሚል ሐሜት ነበር። በዚያ ዓለም ጠቋሚ መባል ቀልድ አይደለም። ገዳዩ በ2022 ጥፋተኛ ተባለ፣ በ2023 ከ60 ዓመት እስከ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። አልበሙ የሚኮራበት የመንገድ ሕግ የገዛ ልጁን በላ። ታጥቦ የተለጠፈው ፎቶ ይህን አይነግራችሁም፤ አልበሙን የሰማ ግን ከአደጋው ጋር ፊት ለፊት ይገጥማል።

ማጠብና ማቆሸሽ የኛ ብቻ አይደለም። በዚያው ተኩስ የቆሰለ፣ ከረጅም እስር በአመክሮ የወጣ ሰው ነበር። ቁስሉ ሳይሽር መልሰው አሰሩት፤ ጥፋቱ «ከታወቀ የጋንግ አባል ጋር ተገኝተሃል» የሚል ነበር። የጋንግ አባል የተባለው ሟቹ ኒፕሲ ነው! ጩኸቱ ሲበረታ ለቀቁት። በዚያው ሰሞን ከተማው ሱቁ ያለበትን መስቀለኛ መንገድ በስሙ ሊጠራ ወሰነ። ለአንዱ መሥሪያ ቤት ወንጀለኛ፣ ለሌላው የክብር ስም።

እኛስ? የሰፈራችን ልጅ ሹሩባ ተሠርቶ ስለ ድህነትና ስለ ፖሊስ ዱላ ራፕ ሲያደርግ «ዱርዬ»፣ «ባህል አጥፊ» እንለዋለን። ሹሩባው እኮ ያው ፕሮፋይላችሁ ላይ ያለው ሹሩባ ነው! ልጁ ለስቱዲዮ ሰዓት የሚከፍለው አጥቶ ሲንከራተት መቶ ብር ያዋጣችሁለት እጃችሁን አውጡ። ወይስ እሱም እስኪሞት እየጠበቃችሁ ነው?

አልበሙ 16 ዘፈን ነው። የሚቀጥለው መጋቢት 22 ሳይደርስ ስሙት። ሰምታችሁም «ወንድማችን» የምትሉ ከሆነ ኮሜንቱ ክፍት ነው፣ እንነጋገር።