ከመሰካታችን በፊት ቁጥሩን እናንብብ

አሜሪካ ያለ ልጅ ወይም ወንድም ለቤተሰቡ ዕቃ ይልካል። አንዱ ራዲዮ፣ ሌላው የቡና ማፍያ ይልካል። ስጦታ ደስ ይላል። ዕቃው የተሠራው ግን ለዚያ አገር መብራት ነው። እንደ ደረሰን ብንሰካው ወዲያው ሊቃጠል ይችላል። ለምን ይሆን?

ቧንቧ ውስጥ ያለ ውሃ ግፊት አለው። በሽቦ የሚመጣው ኤሌክትሪክም እንደዚያው ነው። የግፊቱ መለኪያ ቮልት ይባላል። በአገራችን ቤት ውስጥ የሚገባው 220 ቮልት ነው። የአሜሪካው 120፣ የጃፓኑ 100 ቮልት ነው። ለ120 የተሠራ ማሞቂያ 220 ላይ ቢሰካ ሙቀቱ ከ3 እጥፍ በላይ ይሆናል። ዕቃው ይቃጠላል። ቤትም ሊያቃጥል ይችላል።

ታዲያ ምን እናድርግ? እናንብብ! የዕቃውን ጀርባና ሥሩን ገልብጠን እንይ። ጽሑፉ የባዕድ ፊደል ነው። ቁጥሩ ግን የተማርነው ቁጥር ነው። ከቁጥሩ አጠገብ «ሀ»ን የምትመስል፣ ታችዋ የሾለ ፊደል አለች። ቮልት ማለት ነች።

«100-240» ካለ ያለ ሥጋት እንሰካው። ብዙ የስልክ ቻርጀር እንዲህ ነው። «220» ወይም «230» ካለም ይሆነናል። «110» ወይም «120» ብቻ ካለ ግን አንሰካው።

የአሜሪካ ስፒና ጥርሱ ጠፍጣፋ ነው። ገበያ ላይ የሚሸጠው ትንሽ ማቀያየሪያ ጥርሱን ብቻ ይለውጣል። ግፊቱን አይቀንስም። በዚህ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ግፊት የሚቀንሰው ትራንስፎርመር ነው። እሱም ላይ ዋት የሚባል ቁጥር አለ። የትራንስፎርመሩ ዋት ከዕቃው ዋት መብለጥ አለበት። ካልገባን የኤሌክትሪክ ሠራተኛ እንጠይቅ።

ዕቃው ቢጨስ ውሃ አንድፋበት። በመጀመሪያ ቆጣሪው ዘንድ ያለውን ማጥፊያ እናጥፋ።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። ዛሬ መጻፍ እንችላለን። ዘመዳችን ዕቃ ከመግዛቱ በፊት «የእኛ መብራት 220 ነው» ብለን እንጻፍለት።

መልመጃ
1. አንድ ራዲዮ ላይ «120» ብቻ ተጽፏል። እንሰካዋለን ወይስ አንሰካውም? ለምን?
2. ቤታችሁ ባለ ቻርጀር ላይ ያለውን የቮልት ቁጥር ፈልጋችሁ ደብተራችሁ ላይ ጻፉ።