«ጠቁሙ» ያለን ፖሊስ ለእኛስ መልስ አለው?

እስቲ አምስት ኪሎ፣ ሙዚየሙ አካባቢ፣ ማኪያቶ አዛችሁ ቁጭ በሉና ስለ ፖሊስ ጮክ ብላችሁ አውሩ። አጠገባችሁ ያለው ሰው ወንበሩን ራቅ ያደርጋል። ፈሪ ስለሆነ አይደለም። ጆሮ ጠቢው ማን እንደሆነ በማይታወቅበት ሰፈር ስላደገ ነው።

ሽብርን ያለ ሕዝብ መከላከል አይቻልም ይሉናል። መልካም! ጓዳ ተከራይቶ ፈንጂ የሚቀምምን ሰው ከፌዴራል ፖሊስ ቀድማ የምታየው ጉሊት የምትቸረችረው እናት ናት። ሰኔ 16 ቀን 2010 መስቀል አደባባይ ላይ ቦምብ ሲወረወር የሞተውና የቆሰለው ሕዝብ ነው። ሽብርን የሚጠላ ሰው ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ለመሆኑ ግን ይህ ሕዝብ የሚጠቁመው ለማን ነው? ከጠቆመ በኋላስ ምን ይሆናል?

ታሪኩ አያበረታታም። በመጋቢት 1969 የቤት ለቤት አሰሳ ጊዜ ቀበሌና አብዮት ጥበቃ በር እያንኳኩ ሰው ያወጡ ነበር። ያም በሰፊው ሕዝብ ስም ነበር የተደረገው!

ኢሕአዴግ ደግሞ በ2001 የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652ን አወጣ። እያወቀ ያልጠቆመ ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት፣ ቤት ያከራየ ደግሞ የተከራዩን ማንነት በ24 ሰዓት ውስጥ ለፖሊስ ማሳወቅ። በሌላ በኩል ምንጩ ያልተገለጸ የደኅንነት ሪፖርት ፍርድ ቤት በማስረጃነት ይቀርባል። ልብ በሉ! ዜጋው ሁሉን እንዲናገር ይገደዳል፣ መንግሥት ዝም እንዲል ይፈቀድለታል። በዚሁ አዋጅ ጋዜጠኛ እስክንድር ነጋ 18 ዓመት ተፈረደበት። አዋጁ በ2012 በአዋጅ ቁጥር 1176 ተተካ። ልማዱስ?

ጥቅምት 23 ቀን 2014 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። የአዲስ አበባ ነዋሪ መሣሪያውን እንዲያስመዘግብ፣ ተደራጅቶም ሰፈሩን እንዲጠብቅ ተነገረው። ስንቱ ወጣት ዱላ ይዞ ብርድ ላይ አደረ! ከልቡ ነው፣ አንቀልድበትም። ግን የታሰረው ማን ነበር? የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ራሱ እስሩ ብሔርን መሠረት ያደረገ እንደሚመስል ተናገረ። አዋጁ የካቲት 8 ቀን 2014 ተነሣ። ሕወሓትም መጋቢት 13 ቀን 2015 ከሽብርተኝነት መዝገብ ተሰረዘ። በጎረቤት ጥቆማ ታስሮ የተፈታው ሰውዬስ? ከጠቋሚው ጋር አንድ ዕድር ውስጥ ሆኖ ድንኳን ይተክላል። ማን ይቅርታ ጠየቀው?

ሰሜን አየርላንድ ሠላሳ ዓመት ያህል በቦምብ ስትታመስ ኖራ፣ የፓተን ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1999 ባቀረበው ሐሳብ መሠረት ፖሊሷን ከስሙ ጀምሮ ለወጠች። ፖሊስን የሚጠይቅ ቦርድ ተቋቋመ፤ የሕዝብን አቤቱታ የሚመረምር ራሱን የቻለ እንባ ጠባቂም አላት። እዚያ ፖሊስ ይጠየቃል፤ እኛ ዘንድ የሚጠየቀው ጎረቤት ነው።

እኛም የምንለው ይኸው ነው። የሰፈሩን ተወካይ ካድሬ አይምረጥልን፤ ዕድርተኛው ዳኛውን እንደሚመርጥ ነዋሪው ይምረጥ። በጥቆማ የተያዘ ሰው ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 እንዳዘዘው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ። በቂም የጠቆመ ይጠየቅ። የጣቢያው አዛዥም በየወሩ ነዋሪው ፊት ቆሞ ስንት ጥቆማ እንደደረሰው፣ ስንቱ ሐሰት እንደሆነ ይንገረን። አዳራሽ ከጠፋ የዕድራችንን ድንኳን እናውሳለን።