«አክስቴ፣ ሸክላ ሠሪ ቡዳ ነው እንዴ?»

ባለፈው ቅዳሜ የሰባት ዓመቱ የእህቴ ልጅ በአንድ ጥያቄ መልስ አሳጣኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እሱና ሦስት የጎረቤት ልጆች ከቴሌቪዥን ፊት አንነሣም ሲሉኝ፣ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ በእጃቸው እየሠሩ ቢማሩስ ብዬ ቀጨኔ ወርጄ ከአንዲት ሸክላ ሠሪ አንድ ፌስታል ጭቃ ገዛሁ። ጋዜጣ አንጥፌ ሳካፍላቸው ልጁ እጁን ወደ ኋላ ደበቀ። «አክስቴ፣ ሸክላ ሠሪ ቡዳ ነው እንዴ? ሰፈር ውስጥ እንደዚያ ይላሉ» አለኝ።

ውሸት ነው ማለት ቀላል ነው። እኔስ? ጠዋት ለሴትየዋ ብሩን ስሰጣት እጇን እንዳልነካ ጫፉን ይዤ ነበር። ሳላስበው! በጀበናዋ ቡና እየጠጣን፣ በምጣዷ እንጀራ እየጋገርን እጇን እንሸሻለን።

ስለዚህ ከኤርምያስ ምዕራፍ 18 ጀመርኩ። እግዚአብሔር ነቢዩን የላከው ቤተ መንግሥት አይደለም፤ ሸክላ ሠሪ ቤት ነው። ሰውየው በመንኮራኩር ሲሠራ ዕቃው እጁ ላይ ተበላሸ። ጭቃውን ግን አልጣለውም፤ መልሶ ሌላ ዕቃ አደረገው። እግዚአብሔርም ራሱን የመሰለው በዚያ ሰው ነው። «ታዲያ እግዚአብሔር ራሱን በቡዳ ይመስላል?» ስላቸው አራቱም ጭጭ! ቆይቶ የእህቴ ልጅ ቀስ ብሎ አንድ ጣቱን ጭቃው ውስጥ ከተተ።

እናንተም ከታናናሾቻችሁ ጋር ሞክሩት። በመጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ላይ ያለው ሸክላ ሠሪ መንኮራኩሩን በእግሩ ነው የሚያዞረው። የእኛ እናቶች ግን ያለ መንኮራኩር በእጃቸው ይሠራሉ። ልጆቹም ጭቃውን እንደ ገመድ አድቦልቡለው፣ እየደራረቡ፣ በእርጥብ ጣት ያለስልሱት። ትንሽ ሳህን ሠርተው ጠርዙን አንድ ቦታ ላይ ቆንጠጥ ካደረጉት ደግሞ የብሉይ ኪዳን ዘመን መብራት ወጣላቸው። ፈትሉ በዚያች አፍ ይወጣል፤ የሚነደው የወይራ ዘይት ነበር። ጥላ ውስጥ ይድረቅ፤ ፀሐይ ላይ ከሰጣችሁት ይሰነጠቃል። ካልተተኮሰ ደግሞ ውሃ ሲነካው ይፈርሳልና ለማየት ብቻ ይሁን።

ማሰሮ የሠራም ስሙን በወረቀት ጽፎ ይክተትበት። ኤርምያስ በምዕራፍ 32 የመሬት ግዢውን ውል ብዙ ዘመን እንዲቆይ በሸክላ ዕቃ ውስጥ አስቀምጦታል። በ1947 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻ የተገኙት ጥቅልሎችም ወደ 2,000 ዓመት ገደማ የቆዩት በሸክላ ማሰሮ ውስጥ ነው። የቃና ዘገሊላዎቹን ጋኖች ግን ከሸክላ እንዳትሠሯቸው፤ ዮሐንስ ምዕራፍ 2 ላይ የድንጋይ ነበሩ ይላል።

ሰኞ ልጁን ከነመብራቱ ይዤው ቀጨኔ ሄድኩ። ሴትየዋ አገላብጣ አየችውና፣ «የኔ ልጅ፣ ጎበዝ ነህ! ጠርዙ ትንሽ ሳስቷል እንጂ» አለችው። እሱም «እማማ፣ ያስተካክሉልኝ» ብሎ እጁን ዘረጋ። በጭቃ እጇ ያዘችው።

እኔም በተራዬ ጨበጥኳት። ይኸው በላተኛ ሳያገኘኝ ጽፌላችኋለሁ!

ሳምንት በሰላም ያገናኘን።