ሕዝቡ ሥዕል አይገባውም ያለው ማነው?

የሥዕል ኤግዚቢሽን በተከፈተ ማግሥት ወደ አዳራሹ ጎራ ብሎ የሚያውቅ አንባቢ የምለውን አያጣውም። ትናንት ማታ ሰው ከሰው ሲጋፋበት ያመሸው ቤት ዛሬ ጭር ብሏል። የቀሩት ሥዕሎቹና ጥበቃው ብቻ ናቸው። ለምን ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ ከብዙዎች አፍ ተሰናድቶ ይጠብቃችኋል፤ «ሕዝቡ ሥዕል አይገባውም!»

ይህ ስንፍናን መሸፈኛ ነው። ለመሆኑ ከሥዕል ጋር ያደገ እንደዚህ ሕዝብ ማን አለ? ፊደል ያልቆጠረች እናት ቤተ ክርስቲያን ገብታ በነጭ ፈረስ የተቀመጠውን ስታይ ጊዮርጊስ ነው ትላለች። ሙሉ ፊቱን ያዞረው ጻድቅ፣ በአንድ ዓይኑ ብቻ የሚታየው ክፉ መሆኑን ታውቃለች። ይህን ከማኅፀን ይዛው አልወጣችም። ካህኑ ነግሯታል፣ እናቷ አሳይታታለች፣ እሷም ለልጇ ታሳያለች። ግድግዳው ዝም ቢልም ከጎኑ የሚናገር ሰው ነበረ። የዘመናችን ሥዕል ያጣው ተመልካች ሳይሆን ይህን ተናጋሪ ነው።

ይህን ተናጋሪ ከማን እንጠብቅ? ነጋዴው ጋለሪ ሸጦ ማደር አለበት፤ አልፈርድበትም። ዩኒቨርሲቲ ግን ሥራው ማስተማር ነው። ስድስት ኪሎ ደግሞ በዚህ ረገድ የታደለ ሠፈር ነው። በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ጥንታዊ ሥዕሎቻችንን ይዟል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ዩኒቨርሲቲው የገብረ ክርስቶስ ደስታን የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ከፈተ። በ2007 ዓ.ም. ከብርሃንና ከመስታወት ጋር በሚሠራቸው ሥራዎች ዓለም ያወቀው ኦላፉር ኤልያሰን እዚያ አሳየ። በ2008 ዓ.ም. ክረምት አዲስ አበባ ተወልዳ በልጅነቷ ወደ አሜሪካ የሄደችው ጁሊ ምህረቱ ሥራዎቿን ይዛ ወደዚያው ቤት መጣች።

«አንድ ሰሞን ብርሃን፣ አንድ ሰሞን ሸራ፣ አንድ ሰሞን ፎቶግራፍ፤ ይህ መልክ የለውም» የሚሉ አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። አንድ ዓይነት ብቻ የሚያሳይ የዩኒቨርሲቲ ሙዚየም አንድ መጽሐፍ ብቻ እንዳለው ቤተ መጻሕፍት ነው። ትዕይንቱ ይለያይ፤ ግን እያንዳንዱ ካለፈ በኋላ ምን ይቀራል? የኔ ጥያቄ ይህ ነው።

ስሙን መጥራት በማያስፈልገኝ አንድ አዳራሽ ስለ ሥራዎቹ የሚያስረዳ ወረቀት በአማርኛ እንዳለ ጠይቄ ነበር። የተሰጠኝ የእንግሊዝኛው ነው። «የአማርኛው አልተዘጋጀም» አለችኝ ልጅቷ በትሕትና። አንድ ትልቅ ሸራ ፊት ግራ ገብቶኝ ስቆም ያዩኝ የጥበቃ ሠራተኛ ጠጋ አሉና፣ «እኔም መጀመሪያ ቀዩ ብቻ ነበር የሚታየኝ። ሳምንት ከቆምኩ በኋላ ነው ከሥሩ ሰማያዊ እንዳለ ያየሁት» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። እንግዲህ ሥዕል የማይገባው ሕዝብ ማለት እኚህ ሰው ናቸው! ችግሩ ሌላው ተመልካች ሳምንት የሚቆምበት ጊዜ የለውም። ያለው ግማሽ ሰዓት ነው፤ በዚያች ግማሽ ሰዓት «እስቲ እዚህ ጋ ተመልከት» የሚለው ሰው ይፈልጋል።

«ሥዕል በቃል አይተረጎምም፣ ራሱ ይናገራል» የሚሉ ሠዓሊዎች እንደሚቆጡኝ አውቃለሁ። ትርጉም ስጡን አላልኩም። ሠዓሊው ማን ነው፣ በምን ሠራው፣ ከማን ጋር እየተከራከረ ነው የሚለውን ንገሩን ነው የምለው። ደግሞስ ሥዕል ራሱ የሚናገር ከሆነ በእንግሊዝኛ ያ ሁሉ ገጽ ለምን ተጻፈለት?

የገብረ ክርስቶስ ታሪክ ራሱ ማስጠንቀቂያ ነው። በ1950ዎቹ ከጀርመን ተመልሶ ቅርጽ አልባ ሥዕሎቹን አሳየን፤ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትም አስተማረ። በ1973 ዓ.ም. በስደት አሜሪካ ሞተ። ጀርመን አገር ቆይተው ከነበሩት ሥራዎቹ የተወሰኑት አገራቸው የገቡት እሱ ካረፈ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ግጥሞቹን በቃሉ የሚወጣ ሰው ታገኛላችሁ፤ ከሥዕሎቹ አንዱን ግለጽልኝ ስትሉት ግን ዝም ይላል። የማያውቁት አገር አይናፍቅም። ዛሬም አንድ ሥራ ለአንድ ወር ተሰቅሎ፣ ተሸጦ ባሕር ቢሻገር፣ በአማርኛ አንድ ገጽ ካልተጻፈበት መሄዱን እንኳ የሚያውቅ አይኖርም። ያልተጻፈለትን ሥራ ልጆቻችን ከየት ብለው ይፈልጉታል?

የምጠይቀው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ለእያንዳንዱ ኤግዚቢሽን በአማርኛ የተጻፈች፣ በአንድ ማኪያቶ ዋጋ የምትሸጥ ትንሽ መጽሔት ትኑር። የሥነ ጥበብና የታሪክ ተማሪዎች በየተራ እንግዳ ያስጎብኙ፤ ለእነሱም ትምህርት ነው። ሠራተኛው ሕዝብ በሚያርፍበት በእሑድ በሩ ይከፈት። ከእያንዳንዷ መጽሔት አንዳንድ ቅጂ በቤተ መጻሕፍቱ ይቀመጥ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ አዳራሹ አሁንም ባዶ ከሆነ፣ ያን ጊዜ «ሕዝቡ አይገባውም» በሉ። እስከዚያው ግን ያልነገርነውን ሰው አልሰማህም ብለን አንውቀሰው።