ከፎርማት በፊት

የድኅረ ምረቃ ተማሪ ላፕቶፕ የጽሕፈት መኪና ብቻ አይደለም፤ የመስክ መረጃው የሚከማችበት፣ ስሌቱ የሚሠራበት፣ የጥናቱ ረቂቅ ምዕራፍ በምዕራፍ የሚያድግበት የምርምር መሣሪያ ነው። ይህ መሣሪያ በድንገት ሰማያዊ ገጽ አሳይቶ ሲጠፋ፣ ወይም በተለምዶ እንደሚባለው «ስታክ አድርጎ» ሲቀር፣ ባለቤቱ የሚሄደው ወደ ጥገና ቤት ነው። ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ወይም ከልደታው ሕንፃ ኮሌጅ ወጥቶ፣ በቀላል ባቡር ዳርማርን አልፎ አብነት ለሚወርድ ተማሪ፣ ላፕቶፑን ለጥገና ሲያስረክብ የሚሰማው መልስ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፦ «ፎርማት ይደረግ»።

ፎርማት የሚሠራ ዘዴ መሆኑ አይካድም። ባለሙያውም ቢሆን ሊወቀስ አይገባውም፤ ደንበኛው የሚከፍለው ለምርመራ ሳይሆን ማሽኑ በዚያው ዕለት እንዲነሣለት ነው። ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ፎርማት ብልሽቱን የሚያስወግደው ከነምክንያቱና ከነማስረጃው ነው። ስለዚህም ለምን እንደተበላሸም ሆነ ለምን እንደተስተካከለ የሚያውቅ ሰው አይኖርም። «ውጤቱ ተለውጧል፤ ምክንያቱ ግን አልታወቀም» የሚል ዐረፍተ ነገር በመመረቂያ ጽሑፍ ውስጥ ቢገኝ ፈታኞች በዝምታ አያልፉትም። ተመራማሪው በጥናቱ የማይቀበለውን አመክንዮ ጥናቱን በተሸከመው መሣሪያ ላይ ያለ ጥያቄ መቀበሉ አስገራሚ ነው። ከፎርማት በኋላ የቀድሞዎቹ ፕሮግራሞች ከዚያው ፍላሽ ተመልሰው ይጫናሉና ሕመሙም ከሳምንታት በኋላ መመለሱ አይቀርም።

ከእነዚህ ተመላላሽ ሕመሞች መካከል ከሁሉ ያነሰ ትኩረት የሚሰጠው በደህንነት ሶፍትዌሮች መካከል የሚፈጠረው ግጭት ነው። ፀረ ቫይረስ እንደ ጽሑፍ ማቀነባበሪያ ያለ ተራ ፕሮግራም አይደለም። እያንዳንዱን ፋይል ከመከፈቱ በፊት መርምሮ ማሳለፍ ስላለበት፣ ከፊሉ የሚሠራው ከርነል በሚባለው የስርዓተ ክወናው ውስጠኛ ክፍል ነው። ተራ ፕሮግራም ቢሳሳት የሚዘጋው እሱ ራሱ ብቻ ነው፤ በከርነል ውስጥ ያለ ድራይቨር ቢሳሳት ግን ዊንዶውስ መረጃ እንዳይበላሽ ሲል መላውን ማሽን ያቆማል። ሰማያዊው ገጽ የዚህ ውሳኔ ማስታወቂያ ነው።

እነዚህ የማጣሪያ ድራይቨሮች በፋይል መንገድ ላይ አንዱ ከሌላው በላይ ይደረደራሉ። ቅደም ተከተላቸው እንዳይደበላለቅ ማይክሮሶፍት ለእያንዳንዳቸው የከፍታ ቁጥር ይሰጣል፤ ለፀረ ቫይረሶች የተመደበው ከ320 ሺህ እስከ 330 ሺህ ባለው ክልል ውስጥ ነው። ቁጥሩ ተራቸውን ይወስናል እንጂ ሰላማቸውን አያረጋግጥም። አንዱ ፋይሉን ለመመርመር ሲከፍት ሌላኛው ያንኑ መከፈት እንደ አዲስ ክስተት ቆጥሮ ሊያስቆመው ይችላል። ሁለቱ እርስ በርስ ከተጠባበቁ ማሽኑ ይደርቃል። አንዱ የሌላውን የቫይረስ መለያ መዝገብ ራሱን ቫይረስ አድርጎ የሚወስድበት አጋጣሚም አለ፤ መዝገቡ የቫይረሶች ምልክት የተከማቸበት ነውና አያስደንቅም።

ጥበቃ ራሱ የብልሽት ምንጭ መሆኑ በጥገና ቤት ደረጃ ብቻ የታየ ነገር አይደለም። በሚያዝያ 2002 ዓ.ም. የማካፊ ፀረ ቫይረስ ያሰራጨው አንድ ማሻሻያ፣ ዊንዶውስ ኤክስፒ ያለ እሱ ሊሠራ የማይችለውን «ኤስቪሲሆስት» የተባለ ፋይል ቫይረስ ነው ብሎ በመያዙ፣ በልዩ ልዩ አገሮች ኮምፒውተሮች ሳያቋርጡ እየጠፉ መነሣት ጀመሩ። በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. መጨረሻ ማይክሮሶፍት «ሜልትዳውን» ለተባለው የፕሮሰሰር ተጋላጭነት ማስተካከያ ሲያወጣ፣ አንዳንድ ፀረ ቫይረሶች የከርነሉን ማህደረ ትውስታ ባልተፈቀደ መንገድ ይነኩ ስለነበር ማስተካከያው ከእነሱ ጋር ሲገናኝ ሰማያዊ ገጽ አስከተለ። ኩባንያውም ፀረ ቫይረሱ ተስማሚነቱን በምልክት እስኪያረጋግጥ ድረስ ማሻሻያውን ለእነዚያ ማሽኖች አልሰጥም አለ።

ከሁሉ የከፋው ዓርብ ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. የደረሰው የክራውድስትራይክ ብልሽት ነው። በአዲስ አበባ ሰዓት አቆጣጠር ከጠዋቱ 1፡09 ላይ የተላከ አንድ አነስተኛ የይዘት ፋይል፣ በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ማሽኖችን ጣለ፤ አየር መንገዶች በረራ ሰረዙ፣ ሆስፒታሎች ቀጠሮ አስተላለፉ። ኩባንያው ፋይሉን የመለሰው 2፡27 ላይ ነው፤ 78 ደቂቃ መሆኑ ነው። የአዲስ አበባ መሥሪያ ቤቶች ሥራ የሚጀምሩት 2፡30 ላይ ነውና፣ ሶፍትዌሩ ኖሮት እስከዚያ ሳይበራ የቆየ ኮምፒውተር ከአደጋው ያመለጠው በመጥፋቱ ብቻ ነበር። በኋላ ይፋ የሆነው ምክንያት ለማመን የሚያዳግት ያህል ትንሽ ነው፦ ፋይሉ 21 የግብዓት መስኮችን ይጠቅሳል፤ በማሽኖቹ ላይ ያለው ፕሮግራም ግን የሚያቀርበው 20 ብቻ ነበር። ፕሮግራሙ የሌለውን 21ኛ መስክ ለማንበብ ከተፈቀደለት ማህደረ ትውስታ ወጣ፤ ዊንዶውስም አቆመው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ለአብነቱ ተማሪ የሚጠቅመው የጥፋቱ ስፋት ሳይሆን የመፍትሔው ዓይነት ነው። እነዚያ ማሽኖች ፎርማት አልተደረጉም። ሴፍ ሞድ በሚባለው ውስን አነሣሥ ተከፍተው፣ ከድራይቨሮች ማኅደር አንድ ፋይል ተሰርዞ በቀድሞ መረጃቸው ሥራ ቀጠሉ። ይህ ሊሆን የቻለው ከማጥፋት በፊት ምክንያቱ ስለተፈለገ ነው።

በአገር ውስጥ ግጭቱ የሚፈጠርበት መንገድ ከዚህ ይለያል፤ ቀስ በቀስ የሚጠራቀም ነው። ላፕቶፑ ሲገዛ የሙከራ ጊዜው የተወሰነ ፀረ ቫይረስ ተጭኖበት ይመጣል። ጊዜው ሲያልፍ ሳይነቀል ይተዋል። በጓደኛ ፍላሽ የመጣ ቫይረስ ማኅደሮችን ሲደብቅ ሁለተኛ ይጨመራል፤ ጥገና ቤት ሲገባ ሦስተኛ። ዊንዶውሱ በክራክ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ክራኩ ራሱ ከመጫኑ በፊት ጥበቃው እንዲጠፋ ወይም እንዲያልፈው ይጠይቃል፤ ያ የተከፈተ በር ተመልሶ አይዘጋም፣ ተጠቃሚውም ክፍተቱን በሌላ ፀረ ቫይረስ ሊደፍነው ይሞክራል። እንደ ደንቡ የዊንዶውስ ዲፌንደር ሌላ ፀረ ቫይረስ ሲመዘገብ ቦታውን ይለቅቃል፤ ሁለት የውጭ ፀረ ቫይረሶች ግን አንዱ ለሌላው ቦታ የሚለቅቁበት ተመሳሳይ ሥርዓት የለም። ከፕሮግራሞች ዝርዝር የተነቀለ ፀረ ቫይረስም ድራይቨሩን ትቶ ሊሄድ ስለሚችል፣ አምራቾቹ የተለየ የማጽጃ መሣሪያ እስከማዘጋጀት ደርሰዋል።

እርግጥ ነው፣ የጠፋ ላፕቶፕ ሁሉ የዚህ ግጭት ሰለባ አይደለም። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ መብራት በሄደ ቁጥር ይጠፋል፤ ባለቤቱ በቅጽበት የመጣውን መቋረጥ አላስተዋለም ይሆናል። ዊንዶውስ ይህን ለመለየት የሚያስችል መዝገብ ይይዛል። በክስተቶች መዝገብ ውስጥ በቁጥር 41 የሚጻፈው ያልተጠበቀ መጥፋት የስሕተት ኮዱ ዜሮ ከሆነ፣ ጥርጣሬው መጀመሪያ ወደ ኃይል መቋረጥ ወይም ወደ መድረቅ ያመራል። ሰማያዊ ገጽ ከነበረ ደግሞ በዊንዶውስ ማኅደር ሥር «ሚኒደምፕ» በሚባል ቦታ ትንሽ ፋይል ይቀራል፤ ተገቢው ማንበቢያ ሲከፍተው ማሽኑ በቆመበት ቅጽበት ይሠራ የነበረውን ድራይቨር ስም ሊያሳይ ይችላል። የተጠቀሰው ስም ሁልጊዜ ጥፋተኛው ነው ማለት አይደለም፤ የተበላሸ ማህደረ ትውስታ ንጹሑን ድራይቨር ሊያስወቅስ ይችላል። ነገር ግን በተደጋጋሚ ብልሽቶች የአንድ ፀረ ቫይረስ ድራይቨር ስም ደጋግሞ ከታየ፣ ቀጣዩ እርምጃ ለተመራማሪ እንግዳ አይደለም። ፋይሎችን ወደ ውጭ ዲስክ ገልብጦ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጦ ማየት ነው። ትርፉ ፀረ ቫይረስ በአምራቹ ማጽጃ ይነቀላል፤ ማሽኑ ጥቂት ቀናት ይፈተናል፤ የታየው ከነቀኑ ይጻፋል። በመጨረሻ የሚቀረው ጥበቃ አንድ ብቻ መሆን አለበት።

ጉዳዩን ከተማሪው የግል ችግር በላይ የሚያደርገው በላፕቶፑ ውስጥ ያለው መረጃ ነው። የሕክምና ተመራማሪ የታካሚዎችን መረጃ የያዘ ማሽን የይለፍ ቃሉን ጨምሮ ለማያውቀው ሰው ሲያስረክብ፣ በስምምነት ቅጹ ላይ ለተሳታፊዎች የገባው የምስጢር ጠባቂነት ቃል በጥገና ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ያበቃል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ይመድበዋል። የሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴዎች መረጃው የት እንደሚቀመጥ ይጠይቃሉ፤ ኮምፒውተሩ ሲበላሽ ማን እንደሚከፍተው ግን ሊጠይቁ ይገባል።

ኃላፊነቱን በተማሪው ላይ ብቻ መጣልም ፍትሐዊ አይሆንም። ለዊንዶውስ የሚከፍለው የሌለው ተማሪ ክራክ መጠቀሙ፣ ጠያቂ የሌለው ተማሪ ጥገና ቤት መሄዱ የሚጠበቅ ነው። ዩኒቨርሲቲዎች ለቤተ ሙከራ ማይክሮስኮፕ የጥገና ባለሙያ ይመድባሉ፤ የመመረቂያ ጽሑፉ በሙሉ ላረፈበት ላፕቶፕ ግን ተጠሪ የለም። የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም፦ በየካምፓሱ አንድ የድጋፍ ጠረጴዛ፣ ሕጋዊ ፈቃድ ያለው ስርዓተ ክወና፣ በምርምር ዘዴ ትምህርት ውስጥም ስለ መጠባበቂያ ቅጂና ስለ ብልሽት ምርመራ የሚሰጥ የግማሽ ቀን ልምምድ። ጠረጴዛው ላፕቶፕ ሲቀበል በመጀመሪያ የሚኒደምፕ ማኅደሩንና የክስተቶች መዝገቡን ይገልብጥ፤ ስንት ፀረ ቫይረስ እንደተጫነም በቅጹ ላይ ይመዝግብ። ፎርማት የሚፈቀደው እነዚህ ሁለት መስመሮች ተሞልተው ባለቤቱ ከፈረመ በኋላ ይሁን።