ለዩሚ አራይ የተሰጠው አንድ ዓመት

ስለ ጃፓን ሙዚቃ ሲወራ ቶሎ የሚነሣው የሽያጭ ቁጥር ነው። ኡታዳ ሂካሩ በ16 ዓመቷ፣ እ.ኤ.አ. በማርች 1999 ያወጣችው «ፈርስት ላቭ» የተሰኘ አልበም በጃፓን ብቻ ከ7 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሽጧል። እዚያ አገር እስከ ዛሬ በሽያጭ የሚስተካከለው አልበም የለም። እኔን ከቁጥሩ ይልቅ የሚደንቀኝ ዘፈኖቿን ራሷ መድረሷ፣ ይህም ለአድማጩ እንግዳ አለመሆኑ ነው። ከዚያ ሠላሳ ዓመት ቀድማ ብትመጣ ኖሮ የተሰጣትን ዘፍና ትወጣ ነበር።

ከ1970ዎቹ በፊት ትልልቆቹ የጃፓን ሸክላ አሳታሚዎች ገጣሚውንም ዜማ ደራሲውንም በውል ይዘው ነበር የሚሠሩት። ድምፃዊው የሚጠራው ሥራው ካለቀ በኋላ ነበር። ገበያውም የነጠላ ዜማ ገበያ ነበር።

«ሃፒ ኤንድ» የተባለው ባንድ በ1971 ያወጣው ሁለተኛ አልበም ይህን ልማድ ከነቀነቁት ሥራዎች አንዱ ነው። በወቅቱ ሮክ በጃፓንኛ ሊዘፈን ይችላል ወይስ አይችልም የሚል የጦፈ ክርክር ነበር። የባንዱ ድራመር ማትሱሞቶ ታካሺ በግጥሞቹ የልጅነት ቶኪዮውን፣ ለ1964ቱ ኦሊምፒክ መንገድ ሲሠራ የፈረሰችውን ከተማ መልሶ አቆማት። ይህን በአንድ ነጠላ ዜማ ማድረግ አይቻልም። ሰፈር ለማቆም ብዙ ዘፈን ያስፈልጋል።

ከሁሉ አስበልጬ የምወደው ታሪክ ግን የዩሚ አራይ ነው። ከቶኪዮ በስተ ምዕራብ ሃቺዮጂ በምትባል ከተማ ኪሞኖ የሚሸጡ ሰዎች ልጅ ናት። በ17 ዓመቷ የደረሰችው ዜማ በሌላ ድምፃዊ ተቀርፆ ወጣ፤ ምኞቷም ዜማ ደራሲ መሆን እንጂ መዝፈን አልነበረም። የአልፋ ኩባንያ መሥራች ሙራይ ኩኒሂኮ ግን ዘፈኖቿን ራሷ እንድትዘፍናቸው ገፋፋት። በ1972 የወጣው የመጀመሪያ ነጠላ ዜማዋ ገዢ አላገኘም ማለት ይቻላል።

ሌላ ኩባንያ ቢሆን እዚህ ላይ ያሰናብታት ነበር ብዬ አምናለሁ። እሷ ግን ስቱዲዮ ገባች፤ ቀረጻውም አንድ ዓመት ያህል ፈጀ። ከሃፒ ኤንድ የመጡት ሆሶኖ ሃሩኦሚና ሱዙኪ ሺገሩ፣ በኪቦርድ ማትሱቶያ ማሳታካ፣ በከበሮ ሃያሺ ታትሱኦ አጀቧት። ኪቦርድ ተጫዋቹን በኋላ አገባችው፤ ዛሬ የምትታወቀውም ማትሱቶያ ዩሚ ተብላ ነው። ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ቀጥ ብሎ እስኪወጣ ድረስ ደጋግማ እንድትዘፍን ተደረገ። ያ ያልተኳኳለ ድምፅ መለያዋ ሆኖ ቀረ። «ሂኮኪ ጉሞ» የተባለው ይህ አልበም በኖቬምበር 1973 ሲወጣ ገና 19 ዓመቷ ነበር። የአልበሙን ስም የያዘው ዘፈን መነሻ የልጅነት የትምህርት ቤት ጓደኛዋ ሞት ነው። በዚያ ዕድሜ ስለ ሞት ያለ ለቅሶ መዝፈኗን ሳስብ፣ ሌላ ሰው ጽፎ ቢሰጣት እንዲህ ሊሆን አይችልም ነበር እላለሁ። ያው ዘፈን ከ40 ዓመት በኋላ፣ በ2013 ሚያዛኪ ሃያዎ በሠራው «ነፋሱ ተነሣ» ፊልም መጨረሻ ላይ ሲሰማ አላረጀም።

«ሂኮኪ ጉሞ» በወጣበት በ1973፣ በዲሴምበር፣ ኢኖውኤ ዮሱይ ያወጣው ሥራ በጃፓን ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ሚሊዮን ቅጂ የተሸጠ አልበም ሆነ። አሳታሚዎቹ ያኔ ገባቸው። ገዢው የፈለገው አንድ የሚወደድ ዘፈን ብቻ አልነበረም፤ አንድ ሰው አርባ ደቂቃ ሙሉ የራሱን ሐሳብ ሲናገር መስማትም ፈልጓል። የኡታዳ 7 ሚሊዮን የተገነባው በዚህ መሠረት ላይ ይመስለኛል።

ዩሚ ከ1970ዎቹ እስከ 2020ዎቹ ባሉት ስድስት አሥርት ዓመታት ሁሉ በጃፓን የሽያጭ ሰንጠረዥ አንደኛ የወጣ አልበም አላት። ስለዚህ ዛሬ እኛም ዘንድ ሆነ ሌላ አገር ጀማሪ ድምፃዊ በአንድ ነጠላ ዜማ የዩቲዩብ ተመልካች ቁጥር ሲመዘን እቆጫለሁ። በዚያ ሚዛን የ1972ቷ ዩሚ ወድቃለች። ከመውደቋ በኋላ አንድ ዓመት የስቱዲዮ ጊዜና አራት ጎበዝ ሙዚቀኞች የሰጣት ሰው ነበር። ዛሬ ለአንዲት የ19 ዓመት ልጅ ይህን የሚሰጥ አሳታሚ ካለ ስሙን ብሰማ ደስ ይለኛል።